በእርጅና ዘመን አንጎል ለብግነት የሚሰጠው ምላሽ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የሰባ ወይም የሰማንያ ዓመት አዛውንት በሳንባ ምች ወይም በሌላ ኢንፌክሽን ሲታመሙ፣ ብዙ ጊዜ ቤተሰብ ቀድሞ የሚያየው ሳል ወይም ትኩሳት ሳይሆን የአእምሮ መለወጥ ነው። ትናንት የልጅ ልጆቻቸውን በየስማቸው ሲጠሩ የነበሩ ሰው ዛሬ ያሉበት ቤት ይጠፋባቸዋል፤ ቤተሰብም «ዕድሜ ነው፣ ጃጅተዋል» ብሎ ይቀመጣል። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎችና መልሶች የሚያተኩሩት በዚህ ድንገተኛ ለውጥና ከበስተጀርባው ባለው የአንጎል መከላከያ ሥርዓት፣ በተለይም ብግነት በሚባለው ጀርምንና ጉዳትን የመቋቋም ምላሹ ላይ ነው። ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱና ቀናቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

አንጎል የራሱ የሆነ የመከላከያ ሥርዓት አለው?

አለው። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ዋናውን ሥራ የሚሠሩት ማይክሮግሊያ የሚባሉት ሕዋሳት ሲሆኑ፣ ከአንጎል ሕዋሳት በግምት ከ5 እስከ 10 በመቶ ይሆናሉ። ስፔናዊው ተመራማሪ ፒዮ ዴል ሪዮ ኦርቴጋ በ1919 ለይቶ ከገለጻቸው በኋላ ለብዙ ዘመን አደጋ እስኪመጣ ድረስ ሥራ ፈትተው እንደሚቀመጡ ይታሰብ ነበር። በ2005 ግን የሕያው አይጥ አንጎል በልዩ ማይክሮስኮፕ ሲታይ፣ ቀጫጭን ክንዶቻቸውን ያለ ማቋረጥ እየዘረጉና እየሰበሰቡ አካባቢያቸውን ሲዳስሱ ተገኙ። የሞተ ሕዋስ ይጠርጋሉ፣ ሰርጎ የገባ ጀርም ይውጣሉ፣ የነርቭ ሕዋሳት እርስ በርስ የሚገናኙባቸውን ነጥቦች ይንከባከባሉ።

ስለ እርጅና ለሚነሣው ጥያቄ ከሁሉ የሚበልጠው ግን የዕድሜያቸው ርዝመት ነው። በደም ውስጥ ከሚዘዋወሩት ነጭ የደም ሕዋሳት ብዙዎቹ በቀናት ውስጥ ሞተው በአዲስ ሲተኩ፣ ማይክሮግሊያ ገና በፅንስነት ጊዜ አንጎል ውስጥ ገብተው እዚያው እየተባዙ ይኖራሉ። በ2017 ከስዊድን የወጣ ጥናት የሰው ማይክሮግሊያ በአማካይ ከአራት ዓመት በላይ እንደሚቆዩ፣ አንዳንዶቹም ከሃያ ዓመት በላይ እንደሚኖሩ አሳይቷል። ስለዚህ አንድ ማይክሮግሊያ የትናንቱን ሕመም፣ የአምናውን ቀዶ ሕክምናና የዓመታትን ድካም ተሸክሞ የሚቆይ ሕዋስ ነው ማለት ይቻላል።

ብግነት ሁልጊዜ ጎጂ ነው?

አይደለም። ጣት ሲቆረጥ ቦታው የሚቀላውና የሚያብጠው ሰውነት ጀርሙን እየተከላከለና የተጎዳውን እየጠገነ ስለሆነ ነው፤ ያለ ብግነት ቁስል አይድንም። በአንጎልም ቢሆን ለአጭር ጊዜ ተነሥቶ የሚከስም ብግነት ጥቅም አለው። ጉዳት የሚመጣው ከልክ ሲያልፍ ወይም መቆም ባለበት ሰዓት ሳይቆም ሲቀር ነው፤ የእርጅና ችግርም ያለው እዚህ ላይ ነው።

ኢንፌክሽኑ ሳንባ ወይም ፊኛ ውስጥ ሆኖ ሳለ አንጎል በምን ያውቃል?

ጀርሙ ራሱ አንጎል ውስጥ መግባት አያስፈልገውም። ሰውነት ኢንፌክሽን ሲያገኝ የመከላከያ ሕዋሳቱ ሳይቶካይን የተባሉ መልእክት አስተላላፊ ፕሮቲኖችን ያመነጫሉ። ከእነዚህ ውስጥ በብዛት የሚጠቀሱት ኢንተርሊዩኪን-1፣ ኢንተርሊዩኪን-6 እና ቲኤንኤፍ ናቸው። መልእክቱ በሁለት ዋና መንገዶች ይደርሳል። አንደኛው ከደረትና ከሆድ ዕቃ ተነሥቶ እስከ አንጎል ግንድ በሚዘልቀው ቬገስ በተባለው ነርቭ በኩል ነው። ሁለተኛው በደም በኩል ነው፤ ሳይቶካይኖቹ የአንጎልን የደም ሥሮች ግድግዳ ሲነኩ ግድግዳው ራሱ ወደ ውስጥ ሌላ መልእክት ይልካል።

አንጎልም የራሱን ሳይቶካይን በማመንጨት ይመልሳል። ጉንፋን የያዘው ሰው ምግብ የሚጠላው፣ መተኛት የሚፈልገው፣ ከሰው መለየት የሚወደውና አእምሮው የሚደበዝዘው ቫይረሱ አንጎሉን ስለያዘው ሳይሆን አንጎሉ ይህን መልስ ስለሚሰጥ ነው። ጉልበት ለመከላከያ ሥራ እንዲቆጠብ የሚያደርግ ጠቃሚ ለውጥ ስለሆነ፣ በወጣት ሰው ላይ ሕመሙ ሲያልፍ አብሮ ያልፋል።

ዕድሜ ሲገፋ የመከላከል አቅም ይደክማል ይባላል፤ ታዲያ በአንጎል ውስጥ ብግነቱ የሚበረታው ለምንድን ነው?

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሁለቱም አባባሎች እውነት ስለሆኑ። በእርጅና ዘመን አዲስ ጀርምን ለይቶ የሚያጠቃውና ለክትባት ምላሽ የሚሰጠው የመከላከያ ክፍል ይዳከማል። ከተወለድን ጀምሮ አብሮን ያለውና ጀርሙን ሳይመርጥ ፈጥኖ የሚነሣው ክፍል ግን በአነስተኛ ደረጃ ያለ ማቋረጥ ይሠራል። ጣሊያናዊው ሳይንቲስት ክላውዲዮ ፍራንቼስኪ በ2000 ይህን ዝቅተኛና ዘላቂ ብግነት የእርጅና አንዱ መገለጫ አድርጎ አቅርቦታል። ምንጮቹ ብዙ ናቸው፤ በሆድ ዙሪያ የተከማቸ ስብ፣ የቆየ የድድ በሽታ፣ መከፋፈል ያቆሙ ነገር ግን ያልሞቱ ያረጁ ሕዋሳት፣ እንዲሁም የአንጀት ግድግዳ መሳሳት ይገኙባቸዋል።

በአንጎል ውስጥ ደግሞ ማይክሮግሊያ በተጠንቀቅ ላይ ይሆናሉ። በዝምታ ጊዜ ሲታዩ የሚያመነጩት ሳይቶካይን ያን ያህል የበዛ አይደለም፤ ቅርጻቸውና በላያቸው ላይ የሚያወጧቸው ምልክቶች ግን ቀድሞ የነቃ ሕዋስ ምልክቶች ናቸው። አመድ እንደ ለበሰ ፍም ሊታሰቡ ይችላሉ፤ ከላይ ሲያዩት የጠፋ ይመስላል፣ ትንሽ ነፋስ ሲነካው ግን ቦግ ይላል። ነፋሱ የሳንባ ምች ወይም የተሰበረ ዳሌ ሊሆን ይችላል።

ወደዚህ ሁኔታ የሚያደርሱ ነገሮች ተደራርበው የሚመጡ ናቸው። የመጀመሪያው የነርቭ ሕዋሳት ወደ ማይክሮግሊያ የሚልኩት የማረጋጊያ መልእክት መቀነሱ ነው። ጤናማ የነርቭ ሕዋስ ፍራክታልካይንና ሲዲ200 በተባሉ ፕሮቲኖች አማካይነት ማይክሮግሊያን ዘወትር ያረጋጋል፤ ባረጁ እንስሳት አንጎል ውስጥ ግን ይህ መልእክት ይሳሳል። ሁለተኛው በጠራጊዎቹ ሕዋሳት ውስጥ የሚከማቸው ቆሻሻ ነው። ነርቮችን የሚሸፍነው ሰባማ ልባስ በዕድሜ ብዛት እየተሰባበረ ሲረግፍ ማይክሮግሊያ ይውጡታል፣ ግን ፈጭተው መጨረስ ያቅታቸዋል። በ2020 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በውስጣቸው የስብ ጠብታ ያጠራቀሙ ማይክሮግሊያን ባረጁ አይጦች አንጎል ውስጥ አግኝተው፣ የመጥረግ ችሎታቸው የቀነሰና ብግነት የሚያባብሱ መሆናቸውን አሳይተዋል። ሦስተኛው ደምን ከአንጎል የሚለየው ግድግዳ መሳሳቱ ነው። በ2015 በሕያዋን ሰዎች ላይ በኤምአርአይ የተደረገ ጥናት ይህ መሳሳት ሂፖካምፐስ በተባለው፣ አዲስ ትዝታ በሚመዘገብበት የአንጎል ክፍል ውስጥ ከዕድሜ ጋር እየጨመረ እንደሚሄድ አመልክቷል። ቆሻሻው በአንጎል ሽፋን ላይ ባሉት የሊምፍ (ከሕዋሳት መካከል ቆሻሻ ይዞ የሚወጣ ፈሳሽ) ቧንቧዎች በኩል የሚወጣበት ፍጥነትም በአሮጌ አይጦች ላይ ሲቀንስ ታይቷል። እነዚህ ቧንቧዎች ተገቢውን ትኩረት ያገኙት በ2015 ነው፤ ከዚያ በፊት ብዙ የሕክምና መማሪያ መጻሕፍት አንጎል ሊምፍ የለውም ብለው ያስተምሩ ነበር።

እንደ እኔ ግምት በዚህ ጉዳይ ላይ ከሚነገሩት ሁሉ በብዛት በስሕተት የሚተላለፈው «የአረጀ አንጎል ደካማ መከላከያ አለው» የሚለው ነው። ይበልጥ ትክክለኛ የሚሆነው፣ የአረጀ አንጎል መከላከያ ለመነሣት ፈጣን፣ ለመቆም ደግሞ ዘገምተኛ ነው ቢባል ነው።

ይህ በምን ታወቀ?

በአብዛኛው በእንስሳት ጥናት ነው። በ2005 በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከባክቴሪያ ሽፋን የተወሰደ ንጥረ ነገር ለወጣትና ለአሮጌ አይጦች ሆዳቸው ውስጥ ወጉ። ሕይወት ያለው ጀርም አልነበረም፤ መከላከያው ጀርም መጣ ብሎ እንዲነሣ የሚያደርግ ብቻ ነው። በሁለቱም አንጎል ውስጥ ሳይቶካይን ጨመረ፤ በአሮጌዎቹ ላይ ግን ጭማሪው የበለጠና የቆየ ሲሆን፣ ወጣቶቹ ካገገሙ በኋላም አሮጌዎቹ ገና የሕመም ባሕርይ ያሳዩ ነበር።

የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ደግሞ ትዝታን ተከታተለ። የ3 ወርና የ24 ወር ዕድሜ ያላቸው ትላልቅ አይጦች ኢ. ኮላይ የተባለውን ባክቴሪያ ሆዳቸው ውስጥ ከተወጉ ከቀናት በኋላ ሲፈተኑ፣ በወጣቶቹ ላይ የሚታይ ችግር አልነበረም። አሮጌዎቹ የተማሩትን ለጥቂት ጊዜ ያስታውሱና በማግስቱ ግን ይረሱታል። በሂፖካምፐስ ውስጥ የተለካው ኢንተርሊዩኪን-1 በወጣቶቹ ዘንድ በአንድ ቀን ገደማ ሲወርድ በአሮጌዎቹ ዘንድ እስከ 8 ቀን ከፍ ብሎ ቆየ፤ የመርሳታቸውም ጊዜ ከዚሁ ጋር ተጓዳኝ ነበር። የዚህን ፕሮቲን ሥራ የሚያግድ መድኃኒት ሲሰጣቸው ትዝታቸው ተጠበቀ። መንስኤነቱን ያጠናከረውም ይህ የመጨረሻው ሙከራ ነው።

አይጥ ሰው አይደለም፣ ሙከራዎቹም በላቦራቶሪ ንጹሕ ክፍል ያደጉ እንስሳት ላይ የተደረጉ ናቸው። ይሁን እንጂ በሐኪም ቤት የሚታየው ነገር ከዚህ ጋር በጣም ይቀራረባል።

በሰው ላይ እንዴት ይገለጣል?

በዋናነት ዴሊሪየም ተብሎ በሚጠራው ድንገተኛ የአእምሮ መታወክ ይገለጣል። በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ ይጀምራል፣ በአንዱ ቀን ውስጥ ደግሞ ይለዋወጣል፤ ጠዋት ደህና የነበሩት እናት ማታ ላይ ከሞቱ ዓመታት ያለፏቸውን እህታቸውን ሊያናግሩ ይችላሉ። ዋናው ጉድለት የትኩረት ነው። የሳምንቱን ቀናት ከእሑድ ወደ ኋላ እንዲዘረዝሩ ሲጠየቁ «እሑድ፣ ቅዳሜ…» ብለው ይጀምሩና ዓርብ ላይ ሳይደርሱ ስለ ሌላ ነገር ያወራሉ፣ ወይም ዝም ብለው መስኮቱን ያያሉ። ቀላል የሚመስለው ይህ ጥያቄ ሐኪሞች ከሚጠቀሙባቸው መፈተኛዎች አንዱ ነው።

ሁለት መልክ አለው። አንደኛው የሚጮኸውና የሚነሣሣው ስለሆነ ማንም ያየዋል። ሁለተኛው ዝምተኛው ነው፤ ሰውየው ያንቀላፋሉ፣ ጉርሻ አፋቸው ውስጥ ይዘው ማኘክ ይረሳሉ፣ ሲጠሩ ዘግይተው ይመልሳሉ። በአዛውንቶች ዘንድ የሚበዛውና ከእይታ የሚያመልጠው ይህ ዝምተኛው ነው፤ «ደክሟቸው ነው፣ ይረፉ» እየተባለ ቀናት ያልፋሉ።

ዴሊሪየምና የመርሳት በሽታ በምን ይለያሉ?

በአጀማመራቸው። እንደ አልዛይመር ያለው የመርሳት በሽታ በወራትና በዓመታት ቀስ እያለ ይመጣል፤ ዴሊሪየም ግን ቤተሰብ «ከማክሰኞ ጀምሮ ነው» ብሎ ቀኑን ሊጠራው የሚችል ነው። ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ ሊደራረቡም ይችላሉ፤ እንዲያውም የመርሳት በሽታ ያለበት ሰው ለዴሊሪየም በብዙ እጥፍ የተጋለጠ ነው። ስለዚህ አስቀድሞም ይረሱ የነበሩ ሰው በድንገት ቢብስባቸው፣ የቆየው በሽታ ገፍቶ ነው ብሎ ማለፍ አደገኛ ነው።

ትኩሳት ከሌላቸው ኢንፌክሽን የለባቸውም ማለት ነው?

አይደለም። ከባድ ኢንፌክሽን ካለባቸው አዛውንቶች ከ20 እስከ 30 በመቶ በሚሆኑት ላይ ትኩሳቱ ዝቅተኛ ነው ወይም ጭራሹን አይታይም። የአዛውንት የዘወትር ሙቀት ራሱ ዝቅ ያለ ስለሆነ፣ በወጣት ላይ ምንም የማይባለው 37.8 ዲግሪ በእርሳቸው ላይ ትኩሳት ሊሆን ይችላል። ግንባርን በእጅ ዳስሶ «ትኩሳት የላቸውም» ማለት በዚህ ዕድሜ የሚያስተማምን ዘዴ አይደለም።

በተቃራኒው በኩልም መጠንቀቅ ያሻል። አእምሯቸው የተዛባ አዛውንት ሁሉ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን አለባቸው ማለት አይደለም። በዕድሜ በገፉ ሴቶች ሽንት ውስጥ ያለ ምንም ሕመም ባክቴሪያ መገኘቱ የተለመደ ነው። ሲሸኑ ማቃጠል፣ ትኩሳት ወይም ሌላ ምልክት ሳይኖር የላቦራቶሪ ውጤቱን ብቻ አይቶ አንቲባዮቲክ መስጠት እውነተኛውን መንስኤ ሊሸፍን ይችላል። የሆድ ድርቀት፣ የሽንት መታገድ፣ የውኃ ማነስ፣ የስኳር መውረድና አዲስ የተጀመረ መድኃኒት ሁሉ ተጠርጣሪዎች ናቸው።

ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚመጣው የአእምሮ መዛባት የማደንዘዣው ጉዳት ነው?

ብዙ ቤተሰብ እንደዚያ ያምናል፤ ማስረጃው ግን ወደ ሌላ አቅጣጫ ያመለክታል። በ2021 ይፋ በሆነ ትልቅ ጥናት በአሜሪካና በካናዳ የዳሌ ስብራት የደረሰባቸው 1,600 ሰዎች በዕጣ ተከፍለው ግማሾቹ ከወገብ በታች ብቻ፣ ግማሾቹ ደግሞ ሙሉ በሙሉ በሚያስተኛ ማደንዘዣ ታክመው ነበር። ዴሊሪየም በመጀመሪያዎቹ 20.5 በመቶ፣ በሁለተኞቹ 19.7 በመቶ ላይ ታየ፤ ይህ ልዩነት አለ ለማለት አያበቃም። የተሰበረ አጥንትና የተቆረጠ ሥጋ ልክ እንደ ኢንፌክሽን ሳይቶካይን ስለሚያስነሣ፣ ቀዶ ሕክምናው ራሱ ለአንጎሉ መልእክት ይልካል። ሕመም፣ የእንቅልፍ ማጣትና የደም ማነስ ይጨመሩበታል።

ዴሊሪየሙ ካለፈ በኋላ ወደ ቀድሞው ይመለሳሉ?

ብዙዎቹ ይመለሳሉ፤ አንዳንዶቹ ግን ሳምንታት ወይም ወራት ይወስድባቸዋል፣ ጥቂት የማይባሉትም ሙሉ በሙሉ አይመለሱም። በ2009 በእንግሊዝ አገር የወጣ ጥናት 300 የአልዛይመር ሕሙማንን ለስድስት ወራት ተከታትሎ፣ በመካከሉ ኢንፌክሽን ወይም ጉዳት የደረሰባቸው ሰዎች የማስታወስ ችሎታቸው ካልደረሰባቸው በእጥፍ ፍጥነት ማሽቆልቆሉን አግኝቷል። ሲጀመር በደማቸው ውስጥ ከፍ ያለ ቲኤንኤፍ የነበራቸው ደግሞ የአራት እጥፍ ማሽቆልቆል ታይቶባቸዋል። አንድ የሳንባ ምች በቶሎ መታከሙ ለሳንባው ብቻ ሳይሆን ለአእምሮውም የሚተርፈው በዚህ ምክንያት ነው።

አልዛይመርን የሚያመጣው ብግነት ነው?

ብቻውን ነው ማለት አይቻልም፤ ተሳትፎው ግን ተራ አይደለም። በ2013 ሁለት የምርምር ቡድኖች ትሬም2 በተባለው ጂን ላይ የሚገኝ አንድ ብርቅ ለውጥ በአልዛይመር የመያዝን ዕድል ወደ ሦስት እጥፍ እንደሚያሳድግ አረጋገጡ። ይህ ጂን በአንጎል ውስጥ የሚሠራው በማይክሮግሊያ ላይ ነው። ከዚያ በፊት ማይክሮግሊያ ከበሽታው በኋላ የሚደርሱ ተመልካቾች ይመስሉ ነበር። የሚያስገርመው፣ ይህ ለውጥ ጉዳት የሚያደርሰው ማይክሮግሊያን በማብዛት ሳይሆን የመክበብና የመጥረግ ችሎታቸውን በማዳከም ነው፤ ስለዚህ «ማይክሮግሊያን ዝም ማሰኘት» የሚለው መፍትሔ ሲሰሙት የሚያምር ቢሆንም ጉዳዩን አይመጥንም።

ታዲያ ፀረ-ብግነት መድኃኒት መውሰድ ይጠቅማል?

ለዚህ ዓላማ አይመከርም። በአሜሪካ ከ70 ዓመት በላይ በሆኑና በቤተሰባቸው የመርሳት በሽታ ባለባቸው ከ2,500 በላይ ሰዎች ላይ ናፕሮክሲንና ሴሌኮክሲብ ተሞክረው ነበር። መድኃኒቶቹ ለልብና ለደም ሥር በሚያሰጉት ጉዳት ምክንያት በ2004 መስጠቱ ቆመ፤ በሽታውንም አልተከላከሉም። አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ በአዛውንት ላይ ሲዘወተሩ ጨጓራን ያደማሉ፣ ኩላሊትን ይጎዳሉ፣ ደም ግፊትን ከፍ ያደርጋሉ።

ዕርድ፣ ዝንጅብልና ጥቁር አዝሙድስ?

በወጥና በሻይ ውስጥ ቢገቡ የሚከለክል የለም። በላቦራቶሪ ሳህን ላይ ብግነት መቀነሳቸው እውነት ቢሆንም፣ የዕርድ ዋናው ንጥረ ነገር ከአንጀት ወደ ደም የሚገባው እጅግ ጥቂት ነው። በካፕሱል የሚሸጠው የተጠናከረ ዕርድ ደም ከሚያቀጥኑ መድኃኒቶች ጋር ሊጋጭ ስለሚችል፣ ዋርፋሪን የሚወስዱ ሰው ሐኪማቸውን ሳያማክሩ ባይነኩት ይሻላል።

አስቀድሞ ሊደረግ የሚችል ነገር አለ?

አለ፤ ከሁሉም ጠንካራ መሠረት ያለው እንቅስቃሴ ነው። ከላይ የተጠቀሰው የኮሎራዶ ቡድን ለአሮጌዎቹ አይጦች የሚሽከረከር መሮጫ ሰጥቶ ነበር፤ በሳምንት ከአንድ ኪሎ ሜትር በታች ብቻ ቢሄዱም ከኢንፌክሽን በኋላ ይመጣ የነበረው መርሳት ሳይታይባቸው ቀረ። ለሰው ሲመነዘር በየቀኑ እስከ ቤተ ክርስቲያን ወይም እስከ መስጊድ በእግር መሄድ፣ ደረጃ መውጣት፣ ጓሮ መኮትኮት ዋጋ አለው ማለት ነው።

ክትባት ሁለተኛው ነው። የጉንፋን መሰሉ ኢንፍሉዌንዛና የሳንባ ምች ክትባቶች ብግነቱ የሚነሣበትን ምክንያት ከሥሩ ይቀንሳሉ። ስለ አልማዝ ባለጭራ ክትባት ደግሞ ያልተጠበቀ ነገር ተገኝቷል። በዌልስ ክትባቱ ሲጀመር ከመስከረም 2 ቀን 1933 በፊት የተወለዱት አይፈቀድላቸውም፣ ከዚያ ቀን ወዲህ የተወለዱት ግን ይፈቀድላቸው ነበር። በጥቂት ቀናት ልዩነት የተወለዱ ሰዎች በሌላ ነገር ስለማይለያዩ ለንጽጽር ተመቹ፤ በ2025 በወጣው ውጤት መሠረት የተከተቡት በሰባት ዓመት ውስጥ የመርሳት በሽታ የመያዝ ዕድላቸው በአንድ አምስተኛ ያህል ዝቅ ብሎ ተገኝቷል።

የቀረው ሲሰሙት የተለመደ ነው፤ ደም ግፊትና ስኳርን መቆጣጠር፣ ሲጋራ መተው፣ ጥርስና ድድን መታከም፣ የመስማት ችግርን በጊዜ መርዳት። በ2024 ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን 14 ሊለወጡ የሚችሉ ምክንያቶችን ዘርዝሮ፣ ሁሉም ቢወገዱ ወደ 45 በመቶ የሚሆነውን የመርሳት በሽታ መከላከል ወይም ማዘግየት እንደሚቻል ገምቷል። ከእነዚህ አንዱ የአየር ብክለት ነው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ በእንጨትና በኩበት ጭስ ውስጥ ላበሰሉ እናቶች የጭስ መውጫ ያለው ምድጃ ቅንጦት አይደለም።

ሆስፒታል ለተኙ አዛውንት ቤተሰብ ምን ሊያደርግ ይችላል?

ከሐኪሙ ባልተናነሰ ብዙ ነገር። በ1999 ሻሮን ኢኖዬ የመሩት የአሜሪካ ጥናት ከ70 ዓመት በላይ የሆኑ 852 ሕሙማንን አካቶ፣ በቀላል እንክብካቤ ዴሊሪየምን ከ15 ወደ 9.9 በመቶ ዝቅ ማድረግ እንደሚቻል አሳይቷል። እንክብካቤው መነጽራቸውንና የመስሚያ መሣሪያቸውን ማድረግ፣ ውኃ ማጠጣት፣ ከአልጋ አስነሥቶ ማራመድ፣ ቀኑንና ቦታውን እየነገሩ ማጫወት፣ ሌሊት ያለ እንቅልፍ ክኒን እንዲተኙ መብራትና ጫጫታ መቀነስ ነበር። አገራችን ውስጥ አስታማሚ ከአልጋው ሥር ስለማይጠፋ፣ ይህን ለመፈጸም ሁኔታው ከብዙ አገሮች ይልቅ ምቹ ነው። የጎደለው ብዙ ጊዜ መረጃው ነው፤ አስታማሚው እንዲተኙ ይገፋፋል እንጂ እንዲነሡ አያግዝም።

በውጭ አገር ደግሞ የቋንቋና የዘመን አቆጣጠር ችግር ይጨመራል። በመጋቢት 2025 ነርሷ «ዓመቱ ስንት ነው?» ብላ ስትጠይቃቸው እናት «2017» ቢሉ፣ ከጠዋቱ ዘጠኝ ሰዓትንም «ሦስት ሰዓት» ቢሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ልክ ናቸው፤ በመዝገቡ ላይ ግን የተዛባ አእምሮ ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። የተገላቢጦሹ የከፋ ነው፤ ዝምተኛው ዴሊሪየም የያዛቸው አባት «ቋንቋ ስለማይችሉ ነው ዝም ያሉት» ተብለው ይታለፋሉ። በአሜሪካ የመንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች ያለ ክፍያ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው፤ ይህን መጠየቅ ማስቸገር አይደለም። አስተርጓሚ ቢኖርም ግን «እርሳቸው እንዲህ አልነበሩም፣ ከትናንት ወዲያ ነው የተለወጡት» የሚለውን መናገር የሚችለው ቤተሰብ ብቻ ነው።

መቼ ነው ወዲያውኑ ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ያለብን?

ለውጡ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ የመጣ ከሆነ በዚያው ቀን። አፍ ከተጣመመ፣ አንድ ወገን ከደከመ ወይም አንደበት ከተያዘ የስትሮክ ምልክት ሊሆን ስለሚችል አንድ ሰዓት እንኳ መጠበቅ አይገባም። የስኳር ሕመምተኛ ከሆኑ ከመንቀሳቀስ በፊት ስኳራቸውን መለካት፣ ወድቀው ከሆነም ያንን ለሐኪሙ መንገር ያስፈልጋል። ጸበል ለመውሰድ የታሰበ ቢሆን እንኳ ምርመራው ይቅደም፤ በሁለቱ መካከል የሚያስመርጥ ነገር የለም።

በእንቅልፍ ማጣት ምክንያት እቤት ውስጥ የተገኘውን ክኒን መስጠት ግን ሁኔታውን ያባብሰዋል። ዲያዜፓም፣ አሚትሪፕቲሊን፣ ፕሮሜታዚንና ለአለርጂ ተብለው የሚሸጡት እንቅልፍ የሚያመጡ መድኃኒቶች በአዛውንት ላይ ራሳቸው ዴሊሪየም ያስነሣሉ። አዛውንቱ የሚወስዱት መድኃኒት ሁሉ፣ ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ የተገዛውና ከጎረቤት የተገኘው ሳይቀር፣ በአንድ ፌስታል ተሰብስቦ ለሐኪሙ ይቅረብ፤ መልሱ አንዳንድ ጊዜ የሚገኘው ከዚያው ፌስታል ውስጥ ነው።